ወፍራም ወረቀት በሚዛን ይገዛል

ላንቻ ላይ ቤቱ ተቀምጦ የሠርግ ጥሪ ካርድ ለማተም ላሰበ ሰው ትርፍና ኪሳራው የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በመርከሱ፣ ከውጭ የገባ ወረቀት ሲበላሽ ጉዳቱ ይከብዳል።

«ግራም» የሚባለው የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። ኤ4 የዚያ 1/16ኛ ስለሆነ ባለ 250 ግራሙ 100 ቅጠል 1 ኪሎ ከ560 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሚዛኑ 1 ኪሎ ከ250 ካሳየ ወረቀቱ ባለ 200 ነው፤ በ250 ሒሳብ አይከፈልበትም።

ፕሪንተሩ የሚችለው ውፍረት በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ወፍራሙ ከኋላ በቀጥታ ቢገባ አይጣመምም። ለቀለም ፕሪንተር የተሠራ አንጸባራቂ ወረቀት ግን ሌዘር ውስጥ ከገባ ልባሱ በሙቀት ቀልጦ ማሽኑን ሊያበላሽ ይችላል። እሽጉን ከመግዛት በፊት አንድ ቅጠል መሞከር ያዋጣል።