ወደ አዋሽ ፓርክ በኤሌክትሪክ መኪና፦ የመመለሻው ዳገት ከወዲሁ ይታሰብ

በጁባ ከተማ አማራት ሰፈር ሆኖ የፈቃዱን ቀን የሚቆጥር አባወራና በአዲስ አበባ ልጆቿን ይዛ የምትጠብቀው ባለቤቱ በስልክ ከሚመክሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ልጆቹን የት ወስደን እናዝናናቸው የሚለው ነው። የፈቃዱ ቀናት የተቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ቀን በመንገድ ዳር ባትሪዋ ያለቀ መኪና ሲጠበቅ ቢያልፍ፣ ልጆች ያዩትን ሳላ ሳይሆን የመተሐራን ሙቀት ይዘው ይመለሳሉ። ስለሆነም በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን በኤሌክትሪክ መኪና ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ስለሚደረግ ጉዞ፣ በተለይም የመኪናው መሙያና የቤተሰቡ ማደሪያ እንዴት በአንድነት እንደሚታቀዱ ለውድ አንባቢያን ያቀርባል።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ለብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ የመጀመሪያው መኪና የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። በከተማ ውስጥ አያያዙ ቀላል ነው፤ ማታ በቤት ይሰካል፣ ጠዋት ሞልቶ ይገኛል። ችግሩ የሚጀምረው ሌሊቱን ከቤት ውጭ ማሳለፍ ሲመጣ ነው።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ፣ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ሥፍራ ነው። ዋናው መንገድ ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል። በስተደቡብ የአዋሽ ወንዝና ፏፏቴው፣ በስተሰሜን ደግሞ በዘንባባ የተከበበው የፍልውሃ ምንጭና የፈንታሌ ተራራ ይገኛሉ። በሜዳው ላይ ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ ያለው ሳላ በመንጋ ይታያል፤ በቁጥቋጦው ውስጥ አምበራይሌ፣ ከርከሮና ዝንጀሮ አሉ፤ በወንዙም አዞ አለ። ከመተሐራ አጠገብ መንገዱ ለአሥርት ዓመታት እየሰፋ የመጣውን የበሰቃን ሐይቅ ይታከካል። በዚያው አካባቢ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ፈንታሌ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ካፈሰሰው ቅልጥ ዐለት የተረፈ ስለሆነ፣ ለልጆች ቆም ብሎ ማሳየት ይገባል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ለባትሪ፣ ሊትር ለበርሜል እንደሆነው ያለ መለኪያ ነው። ለምሳሌ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው፣ ከነቤተሰቡና ከነጓዙ 2 ቶን የሚመዝን መኪና እንውሰድ። ይህ መኪና በደልዳላ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ 200 ኪሎ ሜትሩ 32 ይጠይቃል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆን፣ የፓርኩ ሜዳ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። በመሆኑም መኪናው ሲወርድ ክብደቱ ራሱ ይገፋዋል፤ ፍሬን ሲይዝም ጉልበቱ ወደ ባትሪው ይመለሳል። በዚህ ምክንያት በ32 ፈንታ 26 ያህል ብቻ ፈጅቶ 34 ይዞ ይደርሳል። አሽከርካሪው ከግማሽ በላይ ቀርቶት ሲያይ «ለመመለሻም ይበቃል» ብሎ ይረጋጋል።

የሚያታልለው ይህ ነው። ሁለት ቶን ክብደት 1,350 ሜትር ወደ ላይ ማንሣት ብቻውን ከ7 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲታከልበት 8 ይሆናል። ስለዚህ ለመመለሻ 26 ሳይሆን 40 ያስፈልጋል። በፓርኩ ውስጥ አራዊት ለማየት 50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ሌላ 8 ስለሚፈጅ፣ በእጅ የሚቀረው 26 ነው። ጉድለቱ 14 ሲሆን፣ ላልታሰበ ነገር 10 ቢጠበቅ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት በፓርኩ አካባቢ ወይም በመንገድ መሞላት አለበት ማለት ነው። ባትሪው ከዚህ የሚያንስ መኪና ያለው ቤተሰብ ሒሳቡን በራሱ ቁጥር ደግሞ ይሥራ፤ በአገራችን ከሚታዩት ትናንሽ መኪናዎች 40 የማይሞላ ባትሪ ያላቸው አሉና።

እንግዲህ ማደሪያ የሚመረጠው በአልጋው ምቾትና በፏፏቴው ድምፅ ብቻ ሊሆን አይችልም። በፓርኩ ውስጥ ከፏፏቴው አጠገብ አዋሽ ፏፏቴ ሎጅ አለ፤ ከፓርኩ ውጭ በመተሐራና በአዋሽ ከተማ ሆቴሎች ይገኛሉ፤ በወንዙ ዳርም ድንኳን መትከያ ሥፍራ አለ። የትኛውም ቢመረጥ ከመነሣት በፊት በስልክ የሚጠየቀው አንድ ነው፦ ኤሌክትሪኩ ከመስመር የሚመጣ ነው ወይስ ከጀነሬተር? ጀነሬተር ብዙ ጊዜ ሌሊት ይጠፋል፤ መኪና የሚሞላው ደግሞ ሌሊት ነው። ከመስመር ከሆነ፣ መኪና ከሚቆምበት አጠገብ የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት መኖሩንና መሙላት መፈቀዱን፣ ሒሳቡም ስንት እንደሆነ ማረጋገጥ ያሻል። ለዚህ ጥያቄ «አይ፣ ችግር የለም፣ ኑ ብቻ» የሚል መልስ በቂ አይደለም፤ ሶኬቱን በዓይኑ ያየ ሠራተኛ ይጠየቅ።

ተራ ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል። በ10 ሰዓት ሌሊት ከሚባክነው ተቀንሶ 19 ያህል ወደ ባትሪው ይገባል። ከሚያስፈልገው 24 ጋር ሲነጻጸር አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ሁለት ሌሊት ግን ይተርፋል። ይህ ጸሐፊ አርብ ከቀትር በኋላ ተነሥቶ እሑድ መመለስን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ አራዊት የሚታዩት ማለዳና ወደ ማታ ስለሆነ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ ሰው የሚያገኘው አንድ ማለዳ ብቻ ነው።

አንድ ሌሊት ብቻ ያለው ቤተሰብ አዳማን በዕቅዱ ያስገባ። እዚያ 60 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ፈጣን መሙያ ቢገኝ፣ ምሳ እስኪበላ ድረስ ከ20 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሞላል። ሆኖም መሙያው በዚያ ቀን የሚሠራ መሆኑና የመሰኪያው ዓይነት አስቀድሞ ይጣራ። ከቻይና የሚመጡት መኪናዎች መሰኪያ ከአውሮፓው የተለየ ነውና፣ መሙያው ኖሮ መሰኪያው ባይገጥም ከሌለ አይሻልም። ከመኪናው ጋር የሚሰጠው ተንቀሳቃሽ የመሙያ ገመድ ከቤት አይቀር። በቀጭን ማራዘሚያ፣ በተለይም ተጠቅልሎ በተቀመጠ ገመድ፣ ሌሊቱን ሙሉ መሙላት ግን እሳት መጋበዝ ነው።

ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ለወራት በፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ነዋሪዎች ከቀያቸው እንዲነሡ ማድረጉ ይታወሳል። ስለሆነም የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሎ መጠየቅ ከስንቅ ዝግጅት እኩል ነው።

ቤተሰቡን ወደ ጁባ ያመጣ አንባቢስ? ከጁባ ወደ ኒሙሌ ብሔራዊ ፓርክ የሚወስደው አስፋልት 190 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ርቀቱ ከአዋሽ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ የዳገቱ ነገርም የአዲስ አበባን ያህል አያሳስብም። ነገር ግን በጁባ ብዙ ቤት በጀነሬተርና በፀሐይ ኃይል የሚተዳደር በመሆኑ፣ ደርሶ መልሱን በራሱ ባትሪ የማይችል መኪና ለዚያ መንገድ አይመከርም። በናፍጣ መኪና መሄድ ይሻላል።

ስለ ሥራ ክፍፍሉም አንድ ቃል። አባወራው ሩቅ ስለሆነ ዕቅዱን የምትይዘው በከተማው መኪናዋን በየቀኑ የምትነዳው ባለቤቱ ብትሆን ይመረጣል፤ መኪናዋ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት እንደምትፈጅ የምታውቀው እርሷ ናትና። እርሱ ፈቃዱ የሚጀምርበትን ቀን ያረጋግጥ፤ እርሷ ሎጁን፣ አዳማንና ፓርኩን ትደውል።

በመመለሻው ቀን ማለዳ አራዊቱ ታይተው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ጉዞ ይጀመር። ከአዳማ ወዲህ ባለው ፈጣን መንገድ ቀሪው 700 ሜትር ያህል ዳገት ይጠብቃል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና 80 ከሚሄደው ይልቅ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው የአየር ግፊት ይገጥመዋል። ባትሪው የሳሳበት ሰው በቀኝ ረድፍ፣ ከጭነት መኪናዎቹ ኋላ፣ በ80 ይጓዝ፤ በአዳማና በአዲስ አበባ መካከል የሚጠፋው ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም።