የቆመ ወፍጮና ከገበያ የጠፋ ካርድ

የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት የመቆጣጠሪያ ካርድ ሲቃጠልበት የሚያስደነግጠው የካርዱ ዋጋ ነው። ኪሳራው ግን በአብዛኛው የሚመጣው ካርዱ እስኪገኝ ከሚያልፉት ቀናት ነው። ለስሌት እንዲመች፣ በቀን 300 ኩንታል ስንዴ የሚፈጭ ፋብሪካ ከኩንታሉ 200 ብር ይተርፈዋል እንበል። 20 ቀን ከቆመ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ቀረበት ማለት ነው። ካርዱ 150 ሺህ ብር ቢያወጣ እንኳ የጥበቃው ዋጋ የዕቃውን 8 እጥፍ ሆነ፤ የሠራተኛ ደመወዝና የባንክ ወለድ ገና አልተነኩም። በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሾኔ ደግሞ ወቅቱ ስሌቱን ያከፋዋል። የሀዲያና የከምባታ ስንዴ ወደ ገበያ በብዛት የሚወጣው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በታኅሣሥ የቆመ ወፍጮ የዚያን ወር ሽያጭ ብቻ አያጣም፤ እህሉ በረከሰበት ሰዓት ሳይገዛ ይቀርና በክረምት በውድ ዋጋ ይሸምታል። ስንዴውን ጭኖ የመጣው ነጋዴም ፋብሪካው እስኪጠገን በር ላይ አይቆምም፤ መኪናውን አዙሮ ወደ ሌላው ይሄዳል።

የችግሩ ሥር የማሽኑ አካልና አእምሮ ዕድሜያቸው እኩል አለመሆኑ ነው። ብረቱ፣ ሞተሩና ሮለሩ ቢጠገኑ 40 እና 50 ዓመት ያገለግላሉ። ኤሌክትሮኒክሱ ግን 15 ወይም 20 ዓመት ሲሆነው፣ ባይበላሽ እንኳ፣ አምራቹ ይተወዋል። ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ኤስ5 የተባለው ፒኤልሲ (ማሽኑን በፕሮግራም የሚመራው መቆጣጠሪያ) ከምርት ከወጣ ቆይቷል። የአለን ብራድሊ ፒኤልሲ-5 እ.ኤ.አ. በ2017 ቆመ። ከአውሮፓ በሚመጡ ያገለገሉ ማሽኖች ውስጥ በብዛት የሚታየው ኤስ7-300 እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ከገበያ የመሰናበቻ ጊዜው ውስጥ ገብቷል፤ መለዋወጫው የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ለ10 ዓመት ነው። ልብ መባል ያለበት እዚህ ላይ ነው። አምራቾቹ ድንገት አይጠፉም፤ ከዓመታት በፊት ያሳውቃሉ። የእኛ ግዢ ግን የሚጀመረው ማሽኑ በቆመ ዕለት ነው። በማስታወቂያውና በቃጠሎው መካከል ያሉት ዓመታት ዕቃው በመደበኛ ዋጋ፣ ከነዋስትናው የሚገኝባቸው ናቸው፤ እኛ ዝም ብለን እናሳልፋቸዋለን። ከገበያ የወጣ መለዋወጫ የሚያስከፍለን ትርፍ ዋጋ በአብዛኛው የዚህ ዝምታ ዋጋ ነው እላለሁ።

ጠፋ የምንለው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ዕቃው አይደለም። አንድ የቆየ ፓኔል ተከፍቶ ይታይ። ግራ ዳር ላይ ፓወር ሰፕላዩ፣ ቀጥሎ ሲፒዩው፣ ከዚያ የገቢና የወጪ ካርዶቹ ተደርድረዋል፤ በላያቸው ላይ የሚሰፍረው የዱቄት ብናኝ አየር ከልክሎ ያሞቃቸዋል። የመብራት መዋዠቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገድለው ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ይገኛል። ይህ ቀላሉ ነው፤ 24 ቮልት የሚሰጥ ሌላ ሰፕላይ ይተካዋል። ሲፒዩው ከሞተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኋለኞቹ የኤስ7-300 ሲፒዩዎች ፕሮግራሙ የሚቀመጠው ከጣት ጥፍር ብዙም በማትበልጥ ካርድ ላይ ነው፤ እሷ ከተበላሸች ወይም ከጠፋች ሌላ ሲፒዩ ተገዝቶ ቢመጣም ባዶ ሣጥን ነው። በኤስ5 ላይ ፕሮግራሙ በቋሚ ሜሞሪ ካልተያዘ የሚጠብቀው ባትሪ ነው። ባትሪው ያለቀበት ኤስ5 መብራት እስኪጠፋ ድረስ ጤነኛ ይመስላል፤ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑ ሥራውን ረስቶታል። ስለዚህ የክፍሉ ሙሉ ቁጥር፣ የሽቦ ሥዕሉና የፕሮግራሙ ቅጂ ከዕቃው እኩል መለዋወጫ ናቸው። የሚጠይቁትም አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ኬብልና የባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ከተደረገ ማለቴ ነው።

ማሽኑ ከቆመ በኋላ ባለቤቱ የሚሄድባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። አንዱ በቡታጅራ በኩል አዲስ አበባ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ለመኪና የማይታጣበትን ያህል ለፒኤልሲ አይሆንም። ሁለተኛው ዱባይና ቻይና ነው፤ እዚያ ዕቃው ይገኛል፣ ኦሪጅናል ይሁን ተጠርቦ ሌላ ጽሑፍ የታተመበት ግን የሚታወቀው ከተከፈለ በኋላ ነው። ሦስተኛው መንገድ የዚህ አካባቢ ልዩ ሀብት ነው፤ ደቡብ አፍሪካ። ከሀዲያና ከከምባታ የማይናቅ ወጣት እዚያ አለ፤ ሆሳዕና ላይ የቆመውን ፎቅ ሁሉ ያየ ሰው የሐዋላውን ክብደት ያውቀዋል። ደቡብ አፍሪካ የማዕድንና የፋብሪካ አገር በመሆኗ አሮጌ የመቆጣጠሪያ ዕቃ የሚሸጥባት ገበያ ሰፊ ነው። ይሁንና ጆሃንስበርግ ጄፒ ላይ ልብስ ወይም ሸቀጥ የሚሸጥ ወንድም ስለ ፒኤልሲ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። በስልክ «ሲመንስ ፈልግልኝ» የተባለ ሰው የሚያመጣው ሲመንስ ነው፤ የአንድ ፊደል ወይም የአንድ ቁጥር ልዩነት ያለው ሲመንስ። ዕቃው በሻንጣ ገብቶ ደረሰኝ ከሌለው ደግሞ ወጪው በግብር ሰነድ ላይ አይያዝም። መንገዱ ጥሩ ነው፤ የሚጎድለው ከዚህ ወዲያ የሚሄደው መረጃ ነው። በነገራችን ላይ እንዲህ መባዘን የድሃ አገር ዕጣ ብቻ አይደለም፤ ናሳ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2002 ለጠፈር መንኮራኩር ድጋፍ መሣሪያዎቹ የ8086 ቺፕ ፍለጋ የኢንተርኔት ጨረታ ሲያስስ ነበር።

ቀድሞ ግዛ ሲባል የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ የገንዘብ ነው። መቼ እንደሚበላሽ ለማይታወቅ ካርድ ብር በመደርደሪያ ላይ ማስተኛት፣ በዚህ የወለድ መጠን፣ ሞኝነት ይመስላል። ተቃውሞው ተራ አይደለም። ነገር ግን በመደርደሪያው ላይ የተኛው ብር አይደለም፤ በዶላር የተገዛ ዕቃ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት 1000 ዶላር ከፍሎ ሲፒዩ ያስቀመጠ ሰው 57 ሺህ ብር አውጥቶ ከ100 ሺህ በላይ የሚያወጣ ንብረት ይዟል። ከምርት የወጣ ዕቃ ደግሞ ዋጋው በዶላርም ሊወጣ ይችላል። ይህ ግን ለሁሉም ዕቃ አይሠራም። ሁሉንም ካርድ በሁለት መያዝ ብክነት ነው። መያዝ ያለበት ሌላ ነገር የማይተካውና ብቻውን ፋብሪካውን የሚያቆመው ነው፤ ይኸውም ሲፒዩው፣ የሜሞሪ ካርዱና ከሌላ ዓይነት ጋር የማይግባባ የመገናኛ ሞጁል። ኮንታክተርና ሪሌይ ከየትም ይገዛል።

አሁን ዶላር በባንክ በገበያ ዋጋ ስለሚገኝ የወረፋው ዘመን አብቅቷል፣ ችግሩም አብሮ ሄዷል የሚልም አለ። በከፊል እውነት ነው፤ የኤልሲው ጥበቃ ያኔ ከሁሉ የከፋው ሰንኮፍ ነበር። ግን ዶላር የሚገዛው ያለውን ዕቃ ነው። አምራቹ መሥራት ያቆመውን ካርድ የትኛውም የምንዛሪ ተመን ወደ ማምረቻ መስመር አይመልሰውም።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ የባለሙያዎቹ ነው፤ አሮጌውን ማባበል ለምን፣ አውልቆ በአዲስ መተካት ነው ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ ፒኤልሲውን ጭራሽ ይዘለውና ሞተሮቹን በማንዋል በኮንታክተር ያስነሳል። ከሁለተኛው ልጀምር። በዱቄት ፋብሪካ ሞተሮች የሚነሱትና የሚቆሙት በቅደም ተከተል ነው። ዱቄቱን ወደ ላይ የሚያነሳው ኤሌቬተር ከቆመ ከኋላው ያለው ሮለር ወዲያው መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ቧንቧው ይታፈናል፣ ቀበቶው ይንሸራተትና ይግላል፣ በብናኝ በታፈነ ክፍል ደግሞ የጋለ ነገር እሳት ብቻ ሳይሆን ፍንዳታ ይጠራል። ፒኤልሲው ሲዘለል አብሮ የሚዘለለው ይህ ጥበቃ ነው። ለሁለት ቀን ተብሎ የተደረገ መዝለል ሁለት ዓመት ሲቆይ ያየ ባለሙያ ሁሉ የምለውን ያውቃል። በአዲስ ስለ መተካቱ ግን እስማማለሁ፤ መጨረሻው እሱ ነው። አነስተኛ አዲስ ፒኤልሲ ዛሬ ውድ አይደለም። የሚወደደው ሽቦውን እንደገና መዘርጋት፣ የድሮውን አሠራር ተረድቶ በአዲስ ፕሮግራም መጻፍና መፈተሽ ነው፤ ይህ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። ልዩነቱ እነዚያን ሳምንታት ማን ይመርጣቸዋል በሚለው ላይ ነው። በመደርደሪያው ላይ መጠባበቂያ ያለው ሰው በታኅሣሥ ካርዱን ቀይሮ ይፈጫል፣ እድሳቱን ስንዴ ወደሚሳሳበት ሐምሌና ነሐሴ ይገፋዋል። የሌለው ሰው በታኅሣሥ ያድሳል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሐሳብ ለአንድ ፋብሪካ ከባድ፣ ለአካባቢው ግን ቀላል ነው። ሆሳዕና ላይ አንዱ ፓኔሉን ሲያድስ የሚያወልቃቸው ካርዶች ሺንሺቾ ወይም ዱራሜ ላይ ላለ ሌላ ፋብሪካ መለዋወጫ ናቸው። ዛሬ ግን የወለቀው ፓኔል መዳብና ብረት ተብሎ ለቁራሌው በኪሎ ይሸጣል። ተፎካካሪ ለተፎካካሪ አይረዳም የሚለው መልስ አያሳምነኝም፤ መርዳት አያስፈልገውም፣ መሸጥ ይበቃዋል። መሃል ላይ የሚያስፈልገው አንድ ነጋዴ ነው፤ በየፋብሪካው ምን ዓይነት መቆጣጠሪያ እንዳለ ሙሉ ቁጥሩን የመዘገበ፣ የወለቀውን ገዝቶ ፈትሾ ከደረሰኝ ጋር የሚሸጥ፣ ደቡብ አፍሪካ ላለው ዘመዱ የካርዱን ጎን ፎቶ አንስቶ የሚልክ። ለመፈተሹና የፕሮግራሞቹን ቅጂ ለማስቀመጡ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህራንና የሆሳዕና ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ቅርብ ናቸው፤ ለተማሪም ከዚህ የተሻለ የተግባር ልምምድ የለም። መንግሥት ይህን ሥራ ራሱ ይያዘው አልልም። በደርግ ዘመን የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ የተተከለው የዕቃ እጥረትን በአገር ውስጥ ለመፍታት ነበር፤ ጥርስና ዘንግ በማቅለጥና በመቅረጽ ይወጣሉ፣ ሲፒዩ ግን አይወጣም።

ከመንግሥት የሚጠበቀው ሌላ ነው። በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270/2005 አንድ ባለሀብት የካፒታል ዕቃውን ዋጋ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ መለዋወጫ ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባው ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ በ5 ዓመት ውስጥ ነበር። ማሽኑ አዲስ ሆኖ ምንም በማያስፈልገው ጊዜ ማለት ነው። የመቆጣጠሪያው መለዋወጫ ብርቅ የሚሆነው በ12ኛውና በ15ኛው ዓመት ላይ ነው፤ ማበረታቻ የሚሰጥ ከሆነ ጊዜው ወደዚያ ቢሻገር ያዋጣል።

እስከዚያው ባለቤቱ በራሱ እጅ ያለውን ማድረግ ይችላል፣ በተለይ ያገለገለ ማሽን ሲገዛ። በርካሽ የተገኘ የ20 ዓመት ማሽን ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነው ብረቱ ስላለቀ ሳይሆን ፓኔሉ ስላረጀ ነው፤ ሻጩ ይህን ያውቃል። ቅድመ ክፍያ ከመላኩ በፊት የፓኔሉ በር ተከፍቶ የእያንዳንዱ ካርድ ቁጥር በግልጽ የሚነበብበት ፎቶ ይምጣ። ሻጩ የፕሮግራሙን ቅጂና የሽቦ ሥዕሉን አብሮ አላስረክብም ካለ፣ የአዲስ ፒኤልሲና የሚተክለው ባለሙያ ወጪ ከዋጋው ላይ ተቀንሶ ድርድሩ እንደ አዲስ ይጀመር።