ዕድሜያቸው የገፋ እግረኞችና የሰውነት አቅም፦ ወደ አብደራፊ ቆላ ለሚወርዱ የሚሰጥ ምክር

መግቢያ

አብደራፊ በምዕራብ ጎንደር፣ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ ለሱዳን ድንበር ቅርብ የሆነች የቆላ ከተማ ናት። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎችን ለማረም፣ ኋላም አዝመራውን ለመሰብሰብ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከደጋና ከወይና ደጋ ወደዚህ አካባቢ ይወርዳሉ። አብዛኞቹ ወጣቶች ቢሆኑም፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነና ሥራውን ለዓመታት አቋርጠው የተመለሱ ሰዎችም በመካከላቸው አይታጡም። እንደ ማኅበረ ሥላሴ ወዳሉ የቆላ ገዳማት ስንቃቸውን አዝለው የሚጓዙ አረጋውያንም አሉ።

እነዚህ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጡ የሚያነሡት ጥያቄ «መንገዱን እችለዋለሁ ወይ?» የሚል ነው። ባለሙያው «ዕድሜዎ ገፍቷል፤ ይቅርብዎ» ቢል፣ ሰውየው ኑሮ ወይም ስእለት ስለሚያስገድደው ምክሩን ትቶ ይሄዳል። «ደህና ነዎት፤ ይሂዱ» ቢል ደግሞ ያልተዘጋጀ ሰውነት ለሙቀትና ለሸክም ይጋለጣል። ትክክለኛው መልስ በሁለቱ መካከል ያለ ሲሆን፣ ድካሙ በሽታ አለመሆኑን ማረጋገጥ፣ ጉልበቱን በደጋ ማጠንከርና ሰውነቱን በቆላው ሙቀት ማለማመድን ይጠይቃል።

እርጅና ወይስ ሥራ መፍታት?

ዕድሜ ሲጨምር የጡንቻ መጠን፣ የልብ ከፍተኛ ምትና ሰውነት ኦክስጅንን የመጠቀም አቅሙ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በእርጅና ከሚሳበበው ድካም ብዙው የሚመጣው ከእንቅስቃሴ ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንታት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደርጎ አቅማቸው ተለካ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ፣ የሦስት ሳምንቱ መተኛት የሠላሳ ዓመት እርጅና ካደረሰው የበለጠ የአቅም መቀነስ አድርሶ እንደነበር ታወቀ። ስድስት ወር የፈጀ፣ ቀስ በቀስ የሚያድግ ልምምድ ሲያደርጉም ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው በሃያ ዓመታቸው ከመተኛታቸው በፊት ወደነበረበት ደረጃ ተመለሰ። የተጠኑት ሰዎች ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የጠፋው አቅም በአብዛኛው ሊመለስ ይችላል፣ የሚመለሰው ግን በወራት እንጂ በቀናት አይደለም።

ከልምምዱ በፊት የሚደረግ ምርመራ

በዚህ አካባቢ «አረጀሁ፣ ጉልበቴ ከዳኝ» የሚል ሰው ሁሉ አርጅቶ ነው ብሎ ማሰናበት አደገኛ ነው። ካላ አዛር ከመተማ እስከ ሁመራ ባለው ቆላ ለረጅም ዓመታት የቆየ በሽታ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ተላላፊው ከገባ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ስለሚታይ፣ ባለፈው ወቅት በቆላ የተያዘ ሰው የሚታመመው ወደ ደጋ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው «አምና የት ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም የጣፊያ ማበጥ ካለ የካላ አዛርና የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ሳይደረግ ስለ ልምምድ አይወራም። ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ደም ማነስና የስኳር በሽታም እንዲሁ ሊታሰቡ ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ የደም ግፊት ይለካል። 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምናው ይቀድማል። ሲራመዱ የሚመጣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ያለ ሥራ የሚከሰት የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር ማበጥ ያለበት ሰው ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ጉልበትን በደጋ ማጠንከር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ እንዲያደርጉ መክሯል። ሸክም ይዞ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ይህ መነሻው እንጂ መድረሻው አይደለም። የሚከተለው የስምንት ሳምንት አካሄድ እንደ ማሳያ ሊወሰድ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለ ሸክም፣ በደልዳላ መንገድ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን መራመድ። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ጊዜውን ወደ አንድ ሰዓት ማድረስና ለስላሳ ዳገት መጨመር። በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት 3 ኪሎ ያህል ሸክም መጀመር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሸክሙን ቀስ በቀስ ማሳደግና በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ቀን አከታትሎ ረዘም ያለ መንገድ መሄድ። ሸክሙ ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ይኸውም 55 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 11 ኪሎ ማለት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከጊዜ፣ ከሸክምና ከዳገት አንዱን ብቻ መጨመር ያስፈልጋል። ትክክለኛው ፍጥነት ሰው እየተራመደ ማውራት የሚችልበት፣ ግን መዝፈን የማይችልበት ነው።

ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው ቁልቁለቱ ከዳገቱ የማያንስ ፈተና ነው። ቁልቁል ሲወረድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚይዝ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ ሕመም ያስከትላል፤ ጉልበትንም ይጎዳል። ለዚህ ከመደብ ወይም ከዱካ በእጅ ሳይደገፉ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መነሣትና በዝግታ መቀመጥ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ዙር መሥራት ይጠቅማል። ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆም ሚዛንን ያስተካክላል። በመንገድ ላይ ምርኩዝ መያዝ መውደቅን ይቀንሳል።

ሰውነትን ከሙቀት ጋር ማለማመድ

በደጋ ብርድ የተገኘ ጥንካሬ ብቻውን ቆላን አያስችልም። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው በሙቀት ውስጥ ሲሠራ ሲሆን፣ ይህም ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ላብ ፈጥኖና በዝቶ መውጣት ይጀምራል፣ በላብ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የደም ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፣ የልብ ምትም ይረጋጋል። ሰውየው ከሙቀት ሲርቅ ግን ልምዱ ከሳምንት በኋላ መቀነስ ይጀምራል፤ በወር ገደማ አብዛኛው ይጠፋል። ስለሆነም «ቆላን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ» የሚሉ አዛውንት ከዓመት በኋላ ሲመለሱ ሰውነታቸው እንደ አዲስ መጤ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከመደበኛው የሥራ ወይም የጉዞ ጊዜ አንድ አምስተኛውን ብቻ በሙቀት ማሳለፍ፣ ከዚያም በየቀኑ አንድ አምስተኛ መጨመር በሥራ ጤና ባለሙያዎች የሚመከር ደንብ ነው። ለአረጋውያን ጭማሪውን ማዘግየት ተገቢ ነው፤ ላባቸው ይቀንሳልና፣ ጥማትም ዘግይቶ ይሰማቸዋልና። በሙቀት ሲሠሩ ሳይጠሙ በየ15 እስከ 20 ደቂቃ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል አይለፍ። የፍልሰታ ጾም በክረምቱ የአረም ወቅት ስለሚውል፣ የሚጾሙ አዛውንት ስለ ውኃው ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው እንዲመክሩ ማስገንዘብ ያስፈልጋል።

መድኃኒቶችም ይታዩ። የሽንት አብዢ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ፈሳሽ ሊያጥራቸው ስለሚችል፣ መጠኑ ከጉዞው በፊት በሐኪም ይከለስ። እንደ አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚቀንሱ የድካምን ልክ በምት መለካት ያሳስታል። ዳይክሎፍናክና ኢቡፕሮፌን ፈሳሽ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ ሰዎች ረጅም ጉዞ ስኳራቸውን ሊያወርደው እንደሚችል ማወቅና የሚቀመስ ነገር መያዝ አለባቸው።

በቆላ የሚያድሩ ሁሉ በተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኙ። ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከምሽት እስከ ንጋት ስለምትናከስ በግራር ሥርና በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት ላይ ከመተኛት ይጠበቁ።

አደጋ ሲደርስ

ትኩሳቱ ከ40 ዲግሪ ያለፈና የሚቃዥ አዛውንት በጤና ጣቢያው በር ሲደርስ፣ ሕመሙ የሙቀት ምት ወይም ከባድ ወባ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። አንዱን እስኪያረጋግጡ ሌላውን ማዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ልብሱን አውልቆ፣ ውኃ እያፈሰሱና እያራገቡ ወዲያውኑ ማቀዝቀዝ፣ በዚያው ጊዜ የወባና የደም ስኳር ምርመራ ማድረግ፣ ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አለመስጠት፣ ወደ ሆስፒታል የሚላከውንም እየቀዘቀዘ መላክ ግድ ነው።

ማጠቃለያ

ይህን ሁሉ ምክር በቆላ ያለ ጤና ጣቢያ ብቻውን ሊሰጠው አይችልም። ሠራተኛው አብደራፊ ሲደርስ የስምንቱ ሳምንት ጊዜ አልፏል። ምርመራውና ልምምዱ ከመጋቢትና ከሚያዝያ ጀምሮ በደጋ ጤና ጣቢያዎችና ኬላዎች ሊጀመር፣ የሙቀት ልምምዱ ደግሞ በቆላ ባለሙያዎችና በእርሻ ባለቤቶች ሊጠበቅ ይገባል። አዛውንቱ በሰላም ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ የደጋውና የቆላው ባለሙያ ሥራቸውን አያይዘው መሥራት አለባቸው።