የዞኮሎ ጥግ ለምን ይከፈታል?

ኮንዶሚኒየም ተረክባችሁ ፊኒሺንግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቼ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። የግድግዳው ግርጌ ዞኮሎ ቀጥ ብሎ ተገጥሟል፣ ጥጋ ጥጉ ላይ ግን ክፍተት አለው፤ አናጺው አላወቀበትም ወይ? ብዙ ጊዜ መነሻው በ45 ዲግሪ ላይ ያለን እምነት ነው።

45 በ45 የተቆረጡ ሁለት እንጨቶች የሚገጥሙት ጥጉ እውነተኛ 90 ሲሆን ብቻ ነው። ግድግዳችን ብሎኬት ነው፤ በእጅ ይለሰናል፣ በላዩ ስቱኮ ይገባል፣ ጥግ ላይ ሲደረስ ደግሞ ልስኑ ይወፍራል ወይ ይሳሳል። ልክ 90 የሆነ ጥግ ብርቅ ነው።

ለማረጋገጥ ሜትር ይበቃችኋል። ከጥጉ ተነስታችሁ በአንዱ ግድግዳ ግርጌ 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ሳንቲም ላይ ምልክት አድርጉ። በምልክቶቹ መካከል 100 ሳንቲም ከመጣ ጥጉ ስኳድራ ነው። 102 ከመጣ ወደ 92 ዲግሪ ተኩል ሰፍቷል፤ እንጨቶቹ ፊት ለፊት አፋቸውን ይከፍታሉ። 98 ከመጣ ወደ 87 ተኩል ጠቧል፤ ፊታቸው ተጋጭቶ ከጀርባ ይከፈታሉ፣ ከላይ ስታዩት ክፍተቱ ይታያል። ይህን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት እኔ አልወድም። በጋ ሲገባ እንጨቱ ይደርቃል፣ ስቱኮውም ይሰነጠቃል።

ለውስጥ ጥግ የምመክረው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና ጫፉን እስከ ግድግዳው አስጠጉት። ሁለተኛውን በ45 ቁረጡት፤ ግን ይህ ለምልክት ብቻ ነው። በእንጨቱ ላይ የተቀረጸው ጌጥ ከተቆረጠው ፊት ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ የዞኮሎውን ቅርጽ የያዘ ጠመዝማዛ መስመር ይወጣል። በእርሳስ አድምቁት። ቀጭን ምላጭ ባለው የእጅ መጋዝ መስመሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምላጩ ወደ ጀርባ ዘንበል ይበል፣ ከኋላ ያለው እንጨት በደንብ ይውጣ። ጠርዙን በትንሽ ሞረድ ዳበስ ዳበስ አድርጉና ከመጀመሪያው እንጨት ጋር ግጠሙት፤ ጌጡ ላይ ቁጭ ይላል። ጥጉ 88 ሆነ 92፣ የሚነካው የፊቱ ጠርዝ ብቻ ስለሆነ ይገጥማል። ጊዜ ይወስዳል፤ አናጺያችሁ ለዚህ ተጨማሪ ቢጠይቅ ክፈሉት፣ ይገባዋል። ጌጥ የሌለው ጠፍጣፋ ዞኮሎ ከሆነ ግን ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ጫፍ ሌላኛው ላይ ቢያርፍ በቂ ነው።

የውጭ ጥግ በዚህ አይሠራም። እዚያ ትክክለኛውን ዲግሪ ለክታችሁ ለሁለት አካፍሉት፤ 92 ከሆነ 46 በ46 ይቆረጣል። መጋጠሚያውን ኮላ ቀቡት።

ረጅም ግድግዳ ላይ እንጨቱ ካልደረሰ፣ ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አታጋጥሙ። ሁለቱንም በ45 ቆርጣችሁ አንዱን በሌላው ላይ አስተኙት፤ እንጨቱ ቢሰበሰብም ግድግዳው አይታይም። በበሩ ዙሪያ የሚገጠመው የጌጥ እንጨትም ከዞኮሎው በፊት ይገጠም።

ብሎኬት ላይ ምስማር አይታመንም፤ ፊሸርና ቪስ ተጠቀሙ። ከመብሳታችሁ በፊት ግን ሶኬቶቹን እዩ። የኤሌክትሪክ ቱቦው ብዙ ጊዜ ከሶኬቱ ቀጥታ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ እዚያ መስመር ላይ ድሪል አታሳርፉ።

ኤምዲኤፍ ለምትገዙ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ወለላችንን በውሃ ነው የምንወለውለው፤ ኤምዲኤፍ ደግሞ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም። ውሃው የሚገባው ቀለም ባልነካው የታችኛው ጠርዝና በተቆረጡት ጫፎች በኩል ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ከመውጣቱ በፊት እነዚህን ሁለት ጊዜ በዘይት ቀለም ቀቧቸው፤ ከተገጠመ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም። ከሥር ሲሊኮን መሙላት የምትፈልጉም ዞኮሎው ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ አድርጉት፤ ተራ ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም።