ስለ ሱዳን መንገድ ያለን ግንዛቤ እንዴት ተለወጠ?

እንደሚታወቀው የሆነ ነገር ሆኗል፤ ተመልሶ አይለወጥም። ስለ እርሱ ያለን ግንዛቤ ግን ከዘመን ወደ ዘመን ይለወጣል። ለዚህ ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም፤ እኛ ቤተ እስራኤል በሱዳን አቋርጠን ወደ ኢየሩሳሌም የመጣንበት መንገድ ይበቃናል።

በ1990ዎቹ ዓመታት እዚህ ረሖቮት፣ በቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ የሽማግሌዎቻችንን ታሪክ መጻፍ ስንጀምር ጥያቄያችን «እንዴት መጣችሁ?» የሚል ነበር። ብዙዎቹ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአውሮፕላን» ይሉን ነበር። እኛም ያንኑ ጽፈን ደብተሩን ዘጋን። በዚያን ጊዜ የሚወራው ስለ ዘመቻዎቹ ነበርና። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከ6000 በላይ ወገኖቻችን ከሱዳን መጡ። በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ከ14000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ተጓጓዙ። ታሪካችን የአውሮፕላን ታሪክ ሆነ።

ከዓመታት በኋላ ከእነዚያው ሰዎች ጋር እንደገና ስንቀመጥ ሌላ ነገር ሰማን። ቀድሞ «በአውሮፕላን» ያሉን አንዲት እናት፣ በኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የቀበሯቸውን የሁለት ልጆቻቸውን ስም ነገሩን። ያን ጊዜም አልዋሹንም። ሐዘኑ ትኩስ ነበር፤ የሱዳኑ ጉዞ ምስጢር ስለ ነበረ ዝምታውም ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስለ መንገዱ አልጠየቅናቸውም።

በመንገድና በሱዳን ካምፖች የሞቱት ወገኖቻችን 4000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በ2007 በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆመላቸው፤ በየዓመቱም በኢያር 28፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ይታሰባሉ። እንዲህም የአውሮፕላኑ ታሪክ የሐዘን ታሪክ ጭምር ሆነ። ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጆቻችን «መንገዱን ማን መራ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የእነ መምህር ፈረደ አክሉም፣ ሕዝቡን በሌሊት የመሩት ወጣቶችና ልጅ አዝለው በረሃ ያቋረጡት እናቶች ሥራ እየተነሣ ነው። ሕዝቡ ተጭኖ ብቻ ሳይሆን በእግሩ እንደ መጣ ታወቀ።

ይህ ለውጥ የቀደመውንም ታሪክ ይነካል። በ1862፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ መነኩሴው አባ ማሐሪ ሕዝብ አስከትለው በቀይ ባሕር በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተነሡ። ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ ትግራይ ላይ አለቁ፤ ከተረፉት አንዳንዶቹ ተመለሱ፣ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። ጉዞው እንደ ከሸፈ ተስፋ ሲቆጠር ኖረ። ልጆቻቸው ኢየሩሳሌም ከገቡ በኋላ ግን የዓልያችን መጀመሪያ ተብሎ ይነገር ጀመር። አባ ማሐሪ ያደረጉት አልተለወጠም፤ የተለወጠው እኛ የመንገዱን መጨረሻ ማየታችን ነው።

ታዲያ የትኛው ትረካ እውነት ነው? ሁሉም የየራሱ እውነት አለው፤ ብቻውን ሲቆም ግን ይጎድላል። ጊዜ የተሰወረውን ይገልጣል፤ ያው ጊዜ ደግሞ የቦታ ስምና ቀን ያስረሳል፣ ያየነውን ከሰማነው ያቀላቅላል። ስለዚህ ዛሬ የወላጆቻችሁን ቃል የምትቀዱ ሁሉ፣ ተራኪው ማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ተናገረ አብራችሁ ጻፉ። አሮጌውን ቃል በአዲሱ አትሰርዙ፤ ጎን ለጎን አኑሩት። ያ አጭር «በአውሮፕላን» የሚል መልስ ዛሬም በደብተራችን አለ፤ ስለ ዝምታው ዘመን የሚመሰክርልን እርሱ ነውና።

ኦሪት ከግብፅ የመውጣትን ታሪክ ለልጆቻችን እንድንነግር ታዝዘናለች፤ እኛም በየፋሲካው እንነግራለን። በሱዳን በኩል ያለፉት ምስክሮች ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው። ገና በሕይወት ሳሉ፣ ስለ አውሮፕላኑ ብቻ ሳይሆን ስለ መንገዱም እንጠይቃቸው።