የቆመች ኳስ፣ የማያርፍ ልቡና

በጅቡቲ ከተማ የቀትሩ ሐሩር በርትቶ መሥሪያ ቤቱም ሱቁም ከተዘጋ በኋላ፣ ከኢትዮጵያ የገባውም ጫት ለየወዳጁ ተዳርሶ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ከተከተተ በኋላ፣ ጥላ ሲረዝምና ከባሕር ወገን ነፋስ ሲነሣ፣ ጠጠር በለበሰ ጠፍ መሬት ላይ አንዳንድ ሰዎች የብረት ኳሶቻቸውን በእጃቸው እያንኳኩ መሰብሰብ ይጀምራሉ። ጨዋታው ፔታንክ ነው። ለመንገደኛ፣ ይልቁንም ከአዲስ አበባ ወርዶ የጭነት ወረፋው እስኪደርሰው ለሚጠብቀው ሾፌራችን፣ ነገሩ የሽማግሌዎች ጊዜ ማሳለፊያ መስሎ ይታየዋል፤ ጥቂት ቆሞ የወርዋሪውን ፊት የተመለከተ እንደ ሆነ ግን፣ ከክንዱ ይልቅ ልቡናው እንደሚደክም ያስተውላል።

ደንቡ ቀላል ነው። መሬት ላይ ትንሽ ክብ ይሠመራል፤ ተጫዋቹ ሁለት እግሩን ከክቡ ውስጥ አጽንቶ፣ ከ6 እስከ 10 ሜትር ርቃ ወደ ተቀመጠችው፣ ስፋቷ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ሆነችው፣ ኮሾኔ ወደሚሏት ኳስ ከ650 እስከ 800 ግራም የሚመዝነውን ብረት ይወረውራል፤ የቀረበ ነጥብ ያገኛል፤ ቀድሞ 13 የሞላ ያሸንፋል። ለአንድ ውርወራ የሚፈቀደው ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው፤ በዚያም ደቂቃ ውስጥ ተጋጣሚውም ተመልካቹም ፍጹም ጸጥታ እንዲጠብቅ ሕጉ ያዛል። ይህ የጸጥታ ሕግ ለወርዋሪው ክብር የተደነገገ ይመስላል፤ እኔ ግን ከፈተናዎቹ ሁሉ የከፋው እርሱ ነው እላለሁ፤ ጩኸት ቢኖር ሰው ስሕተቱን በጩኸቱ ያመካኛልና፤ ጸጥ ባለ ጊዜ ግን የሚሰማው የራሱ ሐሳብ ብቻ ነው።

ጨዋታው በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከማርሴይ አቅራቢያ ባለችው በላ ሲዮታ ከተማ በ1907 እ.ኤ.አ. እንደ ተጀመረ ይነገራል፤ 1910 ነው የሚሉም አሉ። ዡል ሌኗር የተባለው ሰው ቀድሞ እየተንደረደሩ ይጫወቱት የነበረውን የኳስ ጨዋታ ቁርጥማት ስለ ከለከለው፣ ወዳጆቹ እግርን ሳያነሡ ቆሞ መወርወርን ሥርዓት አደረጉለት። በዚያች ከተማ የመርከብ መሥሪያ ይሠሩ ከነበሩት መካከልም ከማርሴይ ተነሥተው በስዊዝ በኩል በጅቡቲ እያለፉ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚጓዙት የሜሳዥሪ ማሪቲም ኩባንያ መርከቦች ነበሩና፣ የጨዋታው አገርና ይህ ወደብ ከጥንት ይተዋወቃሉ።

ስለ ጎልፍ ልቡና ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ በብረት ኳስ የጀመርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጎልፍ ሰፊ ሣርና ብዙ ውሃ የሚሻ ጨዋታ ስለ ሆነ፣ የዓመት ዝናሟ ከ200 ሚሊ ሜትር በማይበልጠው በዚህች የባሕር ዳር ከተማ እንደ ልብ ሊስፋፋ አይችልም፤ አንባቢያችንም የሚያውቀው ምናልባት በአዲስ አበባ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሰፈር ሲያልፍ ያየውን ሜዳ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጠጠር የለበሰው ሜዳና ሣር የለበሰው ሜዳ አንድ ፈተና ይጋራሉ፤ ይኸውም የሚያጣድፍ ነገር አለመኖሩ ነው። በእግር ኳስ ጊዜ ኳሷ ራሷ እየመጣች ተጫዋቹን ታዝዘዋለች፤ ሳያስብ እግሩ ቀድሞ ይመልሳል። በጎልፍ ግን ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች፤ መቼ እንደሚመታ የሚወስነው ባለቤቱ ብቻ ነው። 18ቱን ጉድጓድ ለመጨረስ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አንዱ ምት ግን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ሁለት ሰከንድ አይሞላም፤ እንግዲህ 90 ጊዜ የሚመታ ሰው በእውነት ሲመታ የቈየው ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ነው፤ የቀረው ሁሉ መንገድና ሐሳብ ነው።

ይህን ከሯጭ ጭንቀት ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይገለጥልናል። ጅቡቲ ያፈራችው ታላቁ ሯጭ አሕመድ ሳላሕ በ1988 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት በሮተርዳም ከእኛው በላይነህ ዲንሳሞ ጋር ተወዳድሮ፣ በላይነህ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ እርሱ በ17 ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ፣ ራሱም ከቀድሞው ክብረ ወሰን በፈጠነ ጊዜ ሁለተኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሴኡል ኦሊምፒክ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ፣ ነሐሱን፣ አመጣ። የማራቶን ሯጭ ፍርሃት የለውም የሚል የለም፤ ነገር ግን ፍርሃቱ በእግር ይወጣል፣ በላብ ይወርዳል፤ ልብ በድንጋጤ ቢመታ ደሙ ለሩጫው ይጠቅማል። ቆሞ ለሚወረውር ወይም ቆሞ ለሚመታ ሰው ግን ያ የተነሣ ደም መውጫ የለውም፤ ከጣቶቹ ሄዶ ይንቀጠቀጣል።

ፍርሃት የሠለጠነውን እጅ የሚያበላሽበት መንገድ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ሐሳብን በመበተን ብቻ አይደለም። ሲያን ባይሎክ የተባለች የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋር በአሜሪካ በ2002 እና በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣቻቸው ጥናቶች እንዳሳየችው፣ ልምድ ያላቸው የጎልፍ ተጫዋቾች ኳሷን ወደ ጉድጓዱ በሚገፉበት ጊዜ የእጃቸውን አካሄድ እንዲከታተሉ ሲታዘዙ፣ ጆሯቸው የድምፅ ምልክት እንዲጠብቅ ከታዘዘበት ጊዜ ይልቅ ይስታሉ፤ ለጀማሪዎች ግን እጅን መከታተሉ ይሻላቸዋል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ የሚያደርስ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ንባቡ እንደ ውሃ ሲፈስለት ቈይቶ፣ መምህሩ ሲመጡ አይቶ ፊደሉን አንድ በአንድ ልቍጠር ያለ እንደ ሆነ ወዲያው ይጠፋበታል። ያን ጊዜ «ተጠንቀቅ» የሚለው ምክር ጉዳቱን ያብሰዋል እንጂ አያቃልለውም። «አትፍራ»ም ያው ነው።

ታዲያ ልቡና ባዶውን አይቀመጥምና ምን ይሰጠው? ሐሳብን ስለ መጠበቅ ከገዳም አባቶች የበለጠ የተመራመረ ያለ አይመስለኝም፤ ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የያዙት መጻሕፍተ መነኮሳት በአብነት ትምህርታችን ራሱን የቻለ ጉባኤ የቆመላቸውም ስለዚህ ነው። መነኩሴው እጁን በሰሌን ሥራ፣ አፉን በጸሎት ይይዛል እንጂ ከሚመጣበት ሐሳብ ጋር ሙግት አይገጥምም። ተጋድሎን ከጨዋታ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ የአእምሮ ጠባይ ግን በበዓትም በሜዳም ያው አንድ ነው፤ ዝም በል ቢሉት አይሰማም፤ ሥራ ቢሰጡት ግን ይታዘዛል።

የጅቡቲው ወርዋሪ ይህን ሳይማር የሚያውቀው ይመስላል። የተጋጣሚውን ኳስ መትቶ ሊያስወግድ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ከክቡ ውጭ ቆሞ ከጓደኞቹ ጋር ይመክራል፤ ወደ ኳሶቹ ሄዶ መሬቱን ያያል፤ ተመልሶ ኳሱን በጨርቅ ይወለውላል፤ አቧራ ባይኖርበትም ይወለውላል። ከዚያ በኋላ ወደ ክቡ ገብቶ እግሩን ያስተካክላል፤ መዳፉን ወደ መሬት ገልብጦ ብረቱን ከበላዩ ይይዘዋል፤ ትንፋሹን ይለቅቃል፤ ዓይኑን በሚመታው ኳስ ላይ ያሳርፋል፤ ይወረውራል። ጨርቁ፣ እግሩ፣ ትንፋሹ፣ ዓይኑ፣ ሁልጊዜ በዚያው ተራ ነው። ጆን ቪከርስ የተባለችው የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. የጎልፍ ተጫዋቾችን የዓይን አካሄድ በመሣሪያ ተከታትላ እንዳሳየችው፣ የተካኑት ከመምታታቸው በፊት ዓይናቸውን በአንድ ቦታ አሳርፈው ይቈያሉ፤ ያልተካኑት ግን ከኳሷ ወደ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ ወደ ኳሷ ይቅበዘበዛሉ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ምክሩና ሥራው በየቦታቸው ነው የሚፈጸሙት፤ ርቀቱን መለካት፣ ነፋሱን መመልከት፣ ይህን ላድርግ ወይስ ያን ማለት ከክቡ ውጭ፣ ወይም በጎልፍ ከኳሷ ኋላ ቆሞ የሚያልቅ ነው። ወደ ክቡ ከገቡ በኋላ ጥርጣሬ የመጣ እንደ ሆነ፣ ደቂቃው እስከ ፈቀደ ድረስ ወጥቶ እንደገና መጀመር ይሻላል እንጂ በተከፈለ ልብ መወርወር አይገባም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነፍስና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ከምክር ሁሉ የሚቀድመው ውሃ መጠጣት ነው፤ የተጠማ ሰው ልቡናውን መሰብሰብ አይቻለውም።

ምክር በጎደለ ጊዜ የሚሆነውን ዓለም ሁሉ በአንድ ፈረንሳዊ አይቶታል። በ1999 እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር በስኮትላንድ በካርኑስቲ የጎልፍ ሜዳ፣ በብሪታንያ ኦፕን ውድድር፣ ዣን ቫን ደ ቬልድ ከመጨረሻው ጉድጓድ መነሻ ሲቆም በሦስት ምት ይመራ ነበር፤ በስድስት ምት ቢጨርስ እንኳ ዋንጫው የእርሱ ነው፤ ከ1907 ወዲህም ያን ዋንጫ ያነሣ ፈረንሳዊ አልነበረም። የመጀመሪያይቱ ኳስ ወደ ቀኝ ርቃ ሄደች፤ ሁለተኛይቱ የተመልካቾቹን መቀመጫ ብረት መትታ ወደ ኋላ ነጠረችና ከረጅም ሣር ውስጥ ወደቀች፤ ሦስተኛይቱ ባሪ በርን ከተባለው ጅረት ገባች። ሰውየውም ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ከውሃው ገብቶ ኳሷን እየተመለከተ ቆመ፤ ከውሃ ሊመታት ያስብ ነበር። በመጨረሻ ትቶ ወጣ፤ አንድ ምት ተቀጣ፤ የሚቀጥለው ከአሸዋ ጉድጓድ ገባበት፤ በሰባተኛው ጨረሰ፤ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋርም እኩል ሆኖ በተደረገው ማጣሪያ ፖል ሎሪ አሸነፈ።

ብዙ ሰው በዚያ ቀን አበደ ብሎ ይፈርድበታል፤ ስለ ሁለተኛይቱ ኳስ ንጥረትም ዕድሉን የሚያማ አለ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው፤ ስድስት ምት የተፈቀደለት ሰው በአጫጭር ምት እያዘገመ መድረስ ሲችል፣ የሚመራ ሳይሆን የሚያሳድድ ሰው መስሎ ረጅሙን መረጠ። እጁ አልከዳውም፤ የከዳው ከኳሷ ኋላ ቆሞ ያደረገው ምክር ነው። ይህን የምለውም የመጨረሻዋን ምት አይቼ ነው፤ ሁለት ሜትር ያህል የራቀችውን፣ ብትስት ማጣሪያው እንኳ የሚቀርባትን ያችን ኳስ፣ ያ ሁሉ ውርደት በተመልካች ፊት ከደረሰበት በኋላ ከጉድጓዱ አገባት። ለዚያች ምት የተሰጠው ምስጋና ጥቂት ነው።

ያለፈውን ስሕተት ስለ መርሳት ደግሞ የጎልፍ ተጫዋቹ ሮሪ ማኪልሮይ ይጠቀሳል። በ2011 እ.ኤ.አ. የ21 ዓመት ወጣት ሳለ በኦገስታ የማስተርስ ውድድር መጨረሻ ቀን በአራት ምት እየመራ ገብቶ፣ በ80 ምት ጨርሶ ወደቀ፤ ከሁለት ወር ጥቂት አልፎ የአሜሪካን ኦፕን በስምንት ምት ልዩነት አሸነፈ። በኦገስታ ግን እስከ 2025 መጠበቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ይረሳ የሚለው ቃል እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። የሚቻለው ለሒሳቡ ቀጠሮ መስጠት ነው፤ ስሕተት መመርመር ያለበት ከጨዋታው በኋላ እንጂ በመካከሉ አይደለም። ቍጣም ቢሆን ፈጽሞ አይከለከልም፤ ነገር ግን ድንበር ይበጅለት፤ ጨርቁ እስኪነሣ ድረስ ይቈጣ፤ ጨርቁ ከተነሣ በኋላ የሚቀጥለው ውርወራ ብቻ ይኑር።

ከላይ የጠቀስኋት ሲያን ባይሎክ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ደግሞ፣ በልምምዳቸው ጊዜ ካሜራ ተደቅኖባቸው የተማሩት ሰዎች ኋላ አስጨናቂ ፈተና በመጣ ጊዜ እንደ ሌሎቹ አልወደቁም። ለብቻ በጎሕ ተነሥቶ መለማመድ እጅን ያበረታል፤ በሰው ፊት መቆምን ግን አያስተምርም። በጅቡቲ የካሜራውን ሥራ የሚሠሩት ከግንቡ ሥር ተደርድረው የሚቀመጡት፣ ደንቡን ሁሉ አጥርተው የሚያውቁ፣ ደቂቃው እስኪያልቅ በሕጉ መሠረት ዝም ብለው ብረቱ ከእጅ ከወጣ በኋላ ግን አንደበታቸውን የማይቈጥቡ ጡረተኞች ናቸው፤ ወጣቱ ተጫዋች ይህን ትምህርት የሚያገኘው ያለ ክፍያ ነው፤ ቢበዛ የሻይ ዋጋ ይጠየቃል።