ስለ ነፍሰ ጡር ሴት የሌሊት ሕመም

ነፍሰ ጡር ሴት ሌሊት ዳሌዋንና እግሯን ሲያማት ስንፍና የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሰውነቷ ለመውለድ አስቀድሞ ሲሰናዳ፥ የዳሌን አጥንቶች የሚያያይዙት ጅማቶች ይላላሉ፤ በመደብም ላይ በጎኗ ስትተኛ የእናትና የፅንስ ክብደት በአንድ ዳሌ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ምንጣፏ ይወፍርላት፤ የታጠፈ ጋቢም በጉልበቶቿ መካከል ይደረግ። በመጨረሻዎቹ 3 ወራት በጀርባ መተኛት ለፅንሱ አይበጅምና፥ በጎን መተኛትን አትተው፤ ጎኗን ግን ትለዋውጥ። ባቷ ተኮማትሮ ቢያነቃት፥ እግሯን ዘርግታ ጣቶቹን ወደ ጉልበቷ ትሳብ። የውሃውንም እንስራ ሌላ ሰው ቢሸከምላት መልካም ነው።

አንዱ እግሯ ብቻ ቢያብጥና ቢግል ግን ደም ረግቶ ይሆናልና፥ ወጌሻ ሳያሸው ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።